ሞተር እንዴት ይሠራል? ከወፍጮ ቤቱ እንጀምር

የምኖረው ሱሉልታ ነው፣ ከእንጦጦ ጀርባ። ጠዋት ከቤት ስወጣ ሦስት ሞተር እሰማለሁ፦ የወፍጮ ቤቱን ዱግ ዱግ፣ የባጃጁን እና ባሕር ዛፍ የሚቆርጠውን የሞተር መጋዝ ጩኸት። ሦስቱም ነዳጁን ሲሊንደር ውስጥ ነው የሚያቃጥሉት። የሚለያዩት እሳቱ በሚለኮስበት መንገድና በምታቸው ብዛት ነው። እነዚህን ሁለት ነገሮች ከያዛችሁ ጋራዥ ሄዳችሁ የሚነገራችሁ አይጠፋባችሁም።

መጀመሪያ የብስክሌት ጎማ መንፊያ ያዙ። ጫፉን በጣት ደፍናችሁ ቶሎ ቶሎ ግፉ። ቱቦው ይሞቃል። አየር ሲታመቅ ይሞቃልና። ሞተርም እንዲሁ ነው፦ ቱቦው ሲሊንደር፣ ውስጡ የሚመላለሰው ፒስተን። ፒስተኑ በዘንግ ከክራንክ ሻፍት ጋር ተያይዟል። የብስክሌት ፔዳል የጉልበታችሁን ላይ ታች ወደ ዙር እንደሚለውጠው፣ የፒስተኑን ላይ ታች ወደ ዙር የሚለውጠው እሱ ነው።

ቀጥሎ በባጃጁ ሞተር አራቱን ምቶች ቁጠሩ፤ ምት ማለት ፒስተኑ አንዴ ሲወጣ ወይም አንዴ ሲወርድ ነው። ፒስተኑ ሲወርድ የመግቢያው ቫልቭ፣ ማለትም ትንሿ በር፣ ይከፈትና አየርና ቤንዚን ይገባል። ሲወጣ ቫልቮቹ ተዘግተው ድብልቁ ይታመቃል። ጫፍ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ካንዴላው ብልጭ ይላል፤ የጋለው ጋዝ ፒስተኑን ወደ ታች ይገፋዋል። በአራተኛው ጭሱ በማርሚታ ይወጣል። ከአራቱ ጉልበት የሚሰጠው አንዱ ብቻ ነው፤ ለዚያም ክራንክ ሻፍቱ ሁለቴ ይዞራል። ስለዚህ በደቂቃ 3,000 ጊዜ የሚዞር ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር በሰከንድ 25 ጊዜ ነዳጅ ያቀጣጥላል። አሁንም ድረስ ይገርመኛል። ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ ባለ አራት ምቱን ሞተር የሠራው እ.ኤ.አ. በ1876 ነው።

አሁን ወፍጮ ቤት ግቡ። እኔ መጀመሪያ የገባሁ ቀን «ጋሼ፣ ካንዴላው የታል?» ብዬ ባለወፍጮውን ጠየቅኳቸው። «ልጄ፣ ይሄ ካንዴላ የለውም። አፍኖ ነው የሚያቃጥለው» አሉኝ። ልክ ናቸው። የናፍጣ ሞተር የሚስበው አየር ብቻ ነው። የቤንዚን ሞተር ድብልቁን ወደ አንድ አሥረኛው ገደማ ሲያምቀው፣ ናፍጣው አየሩን እስከ አንድ ሃያኛ ድረስ ያምቀዋል። የአየሩ ሙቀት ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያልፋል። በዚያች ቅጽበት ናፍጣ ሲረጭበት ራሱ ይቀጣጠላል። ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ የደከመበት ነገር ይህ ነው።

ባለወፍጮው ሲያስነሱት ልብ በሉ። በአንድ እጃቸው ቫልቩን ከፍቶ የሚይዘውን ማንሻ ይዘዋል። በሌላው እጀታውን ያዞራሉ። አየሩ ስለሚያመልጥ ሞተሩ አያስቸግርም። ከባዱ የብረት መንኮራኩር ፍጥነት ሲይዝ ማንሻውን ይለቁታል፤ ዱግ! ከዚያ በኋላ ጉልበት በማይሰጡት ሦስት ምቶች ሞተሩን የሚያሻግረው ያ መንኮራኩር ነው።

የሞተር መጋዙ ሁለት ምት ብቻ አለው። በክራንክ ሻፍቱ በእያንዳንዱ ዙር ይቀጣጠላል፤ ጩኸቱ ስል የሆነውም ለዚህ ነው። የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ የለውም፤ ፒስተኑ ሲያልፍ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ይደፍናል፣ ይከፍታል። ለብቻው የሚቀመጥ የሞተር ዘይት ስለሌለው ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ይቀላቀላል። ብዙዎቹ ለ50 እጅ ቤንዚን 1 እጅ ዘይት ይጠይቃሉ፤ የእናንተን ግን ከመመሪያው አረጋግጡ። ንጹህ ቤንዚን ብቻ ከሞላችሁበት ፒስተኑ ይነክሳል፣ ማለትም ደርቆ ሲሊንደሩ ውስጥ ይጣበቃል። እባካችሁ ይህን አትርሱ።

በመጨረሻ ከአዲሱ ገበያ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ዳር ቁሙ። እዚህ ከፍታው ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። አንዱ ጭነት መኪና ጥቁር ጭስ እየተፋ ሲያቃስት ካያችሁ፣ ለረጨው ናፍጣ የሚበቃ አየር አላገኘም ማለት ሊሆን ይችላል። ከኋላው የሚመጣው በቀጭኑ እያፏጨ ካለፈው ደግሞ ፉጨቱ የተርቦው ነው። በሚወጣው ጭስ ግፊት እየተሽከረከረ፣ የሳሳውን አየር አጭቆ ወደ ሲሊንደሩ ይልካል።