ለበጎ አድራጎት ማህበራችሁ ገንዘብ እንዴት ታሰባስባላችሁ?

አንድ ማህበር ገንዘብ ሲያጥረው መጀመሪያ የሚነሳው ሀሳብ የእራት ግብዣ ነው። ሆቴል ይያዛል፣ ድምጻዊ ይጠራል፣ ባነር ይታተማል፣ ኮሚቴው ወር ሙሉ ይሯሯጣል። በማግስቱ ሂሳቡ ሲወራረድ ግን አብዛኛው ገንዘብ ለአዳራሽና ለምግብ ሄዷል። ምክሬ እራቱን ለጊዜው አቆዩት የሚል ነው። መጀመሪያ በየወሩ ትንሽ ትንሽ የሚሰጡ ሰዎችን ያዙ። ሌላው ሁሉ በዚያ ላይ ይገነባል።

1. ስንት ብር፣ ለምን?

«ችግረኞችን እንረዳለን» ብሎ ገንዘብ መጠየቅ ከባድ ነው። ሰሚው ስንት መስጠት እንዳለበት አያውቅም፤ ብሩ ምን እንደሚሰራም አይታየውም። ስለዚህ ወረቀት አውጡና ቁጥሩን ስሩ።

እንበል በሰፈራችሁ 40 ተማሪዎችን በደብተር፣ በዩኒፎርም፣ በጫማና በቦርሳ ትደግፋላችሁ። የአንድ ልጅ የዓመት ወጪ 6,000 ብር ቢሆን ጠቅላላው 240,000 ብር ነው። ይህ ቁጥር ሲታይ ያስደነግጣል። በወር ሲካፈል ግን 20,000 ብር ይሆናል። በወር 250 ብር የሚሰጡ 80 ሰዎች ይሸፍኑታል። 100 ብር ከሆነ 200 ሰው ይበቃል። አሁን የምትፈልጉት 80 ወይም 200 ሰው መሆኑን አወቃችሁ፤ ስም እየጻፉ የሚሰራ ስራ ሆነ።

የትራንስፖርት፣ የስልክና የሂሳብ ሰራተኛ ወጪንም እዚያው አስገቡ። መደበቅ አያስፈልግም። በኢትዮጵያ ህግ ለህዝብ ወይም ለሶስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪው ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ከዚያ በታች ሆናችሁ በግልጽ ካሳያችሁ ማንም አይቀየማችሁም።

2. ወረቀታችሁን አስተካክሉ

አሁን የሚሰራው ህግ የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። ከእሱ በፊት የነበረው አዋጅ 621/2001 በመብት ጉዳዮች ላይ የሚሰሩ ድርጅቶች ከውጭ የሚያገኙትን ገንዘብ ከገቢያቸው 10 በመቶ እንዳያልፍ ይገድብ ነበር። ይህ ቀርቷል። ዛሬ የተመዘገበ ድርጅት ከአገር ውስጥም ከውጭም ህጋዊ ከሆነ ምንጭ ገንዘብ መሰብሰብ ይችላል፤ በህጉ መሰረት ገቢ ማስገኛ ስራ መስራትም ተፈቅዶለታል።

ገና ያልተመዘገባችሁ ከሆነ በተመዘገበ ማህበር ወይም በሰፈሩ እድር ስር ሆናችሁ ጀምሩ። የባንክ ሂሳቡ በድርጅቱ ስም ይከፈት፤ ገንዘብ የሚወጣውም ቢያንስ በሁለት ሰው ፊርማ ይሁን። በሰብሳቢው የግል ሂሳብ ገንዘብ አትሰብስቡ። ሰብሳቢው የቱንም ያህል ታማኝ ይሁን፣ ጥያቄ ሲነሳ የሚያስረዳበት ነገር አይኖረውም። ደረሰኝም ከመጀመሪያዋ ብር ጀምሮ ይቆረጥ።

3. ወርሃዊ አባላትን ያዙ

ዋናው ስራ ይህ ነው፤ ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አጥፉ።

እኛ ወርሃዊ መዋጮ ለማንም ማስተማር አይጠበቅብንም። እድር ያልገባ ሰው ጥቂት ነው። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ቀኑ ይታወቃል፤ የቀረ ይጠየቃል። ይህንኑ አሰራር ውሰዱ።

የኮሚቴው አባላት በሙሉ ስልካቸውን ይክፈቱና እያንዳንዳቸው 20 ስም ይጻፉ። ዘመድ፣ የስራ ባልደረባ፣ የድሮ የትምህርት ቤት ጓደኛ፣ ልብስ ሰፊው፣ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት። ከዚያ ይደወል። በቴሌግራም ግሩፕ ለሁሉም የተለጠፈ ጽሁፍ ሁሉም ያየዋል፣ ማንም አይመልስለትም። ስልክ ግን መልስ ያገኛል።

ንግግሩ አጭር ይሁን፦ «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? እዚህ ሰፈር 40 ተማሪዎችን የምንደግፍበት ማህበር አለን። አንድ ልጅ በወር 500 ብር ይፈልጋል። ግማሹን፣ 250 ብር፣ በየወሩ እርስዎ እንዲችሉልን ነበር የደወልኩት።» ከዚያ ዝም በሉ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ዝምታው ይከብደውና «ካልቻሉም ምንም አይደል፣ የፈለጉትን ያህል…» ብሎ ራሱ ያፈርሰዋል። ሰውየው ያስብበት። 250 ይበዛብኛል ካሉ «100 ብርም ትልቅ ነገር ነው» ትላላችሁ። እንቢ ካሉም አመስግናችሁ ትሰናበታላችሁ፤ በሌላ ጊዜ በሌላ ነገር ይረዷችሁ ይሆናል።

መክፈያውን አቅልሉት። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ለ100 ብር ባንክ ተሰልፎ የሚከፍል የለም። የባንክ ሂሳብ ያለው ደግሞ በየወሩ በራሱ እንዲቆረጥ ባንኩን ማዘዝ ይችላል። ይህ ከሁሉ ይሻላል፤ አባሉም አይረሳም፣ እናንተም አትጨቀጭቁም። ማስታወሻ የምትልኩ ከሆነ ደመወዝ በገባ በማግስቱ ይሁን። ወሩ አጋማሽ ላይ የመጣ ማስታወሻ መልካሙንም ሰው ያሳቅቃል።

ገንዘቡ የገባ ዕለት፣ ሳይመሽ፣ ምስጋና ላኩ። ስማቸውን ጠርታችሁ፣ በሁለት መስመር። «እትዬ፣ የጥቅምት 250 ብር ደርሶናል። እግዜር ይስጥልን» ቢሆን እንኳ ይበቃል። ሰውን በየወሩ የሚያስቀጥለው ይህ ነው።

4. ምን እንደሰራችሁበት አሳዩ

በየሶስት ወሩ አንድ ገጽ ሪፖርት ላኩ። ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ለምን ወጣ፣ ስንት ቀረ። የተገዛው ደብተር ክምር ፎቶ፣ የግዢው ደረሰኝ፣ ትምህርት ቤቱ የጻፈው የርክክብ ደብዳቤ ይያያዝ።

የልጆቹን ፊት ግን አታሳዩ። አንድ ልጅ ቦርሳ ሲቀበል ፎቶ ተነስቶ ማህበራዊ ሚዲያ ላይ ቢለጠፍ ነገ የክፍል ጓደኞቹ ያዩታል። ስጦታውን ይረሳዋል፣ ሀፍረቱን አይረሳውም። ፎቶ ካላየሁ አልሰጥም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ መጥቶ ስራችሁን እንዲያይ ጋብዙት።

መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከልን ተመልከቱ። ዛሬ ሰው በብዛት የሚሰጠው ለዓመታት ሰው እየገባ ስላየው ነው። ልደቱን እዚያ ያከበረ አለ፤ የወላጁን ተዝካር እዚያ ያወጣ አለ፤ ከሰርጉ በኋላ ሙሽሪትን ይዞ የሄደ አለ። በሩ ክፍት ነበር።

5. ወቅቱን ጠብቁ

ለትምህርት ቁሳቁስ የሚጠየቀው ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ነው። መስከረም ሲገባ ወላጁ ሁሉ ለራሱ ልጅ ይጨነቃል፤ ኪሱም ባዶ ነው። ለገናና ለፋሲካ ማዕድ ማጋራት ከሆነ ከበዓሉ ሶስት ሳምንት አስቀድማችሁ ጀምሩ። በረመዳን ዘካና ሰደቃ ይሰጣል። ዘካ ለእነማን እንደሚሰጥ በሃይማኖቱ የተወሰነ ስለሆነ ስራችሁ ይመለከተው እንደሆነ አስቀድማችሁ የሃይማኖት አባቶችን ጠይቁ፤ የገባውንም ለብቻው መዝግቡ።

አንድ የማደንቀው ዘዴ አለ። ቋሚ የዋጋ ዝርዝር አትሙ፦ የአንድ ቀን ምሳ ይህን ያህል፣ የአንድ ልጅ ዩኒፎርም ይህን ያህል። ልደት ወይም ተዝካር ያለበት ሰው መርጦ ይሸፍናል። ድንኳን ተክሎ ጎረቤት ከማብላት ይህን የሚመርጥ ቤተሰብ እየበዛ ነው።

6. በዓይነት ተቀበሉ፣ ግን በዝርዝር

የጽህፈት መሳሪያ ነጋዴ ከብር ይልቅ ደብተር መስጠት ይቀለዋል። «የቻሉትን» አትበሉ፤ «ባለ 50 ሉክ ደብተር፣ 10 ደርዘን» ብላችሁ ጻፉ። የተረከባችሁትን በገበያ ዋጋ መዝግቡ።

7. ኩባንያዎችን በጊዜ ጠይቁ

የብዙ ኩባንያዎችና ባንኮች የበጀት ዓመት በሰኔ ይዘጋል። የሚቀጥለው ዓመት በጀት ሲዘጋጅ፣ በሚያዝያና በግንቦት፣ ደብዳቤያችሁ ጠረጴዛ ላይ ይድረስ። አንድ ገጽ ደብዳቤ፣ የምዝገባ ሰርተፍኬት፣ የመጨረሻው ኦዲት ሪፖርት። የግብር ህጉ ለህጋዊ በጎ አድራጎት የተሰጠን ገንዘብ በገደብ እንደ ወጪ ይይዛል፤ ስለዚህ ሂሳብ ክፍላቸው ደረሰኛችሁን ይፈልገዋል።

8. አሁን ዝግጅት ማሰብ ትችላላችሁ

ወርሃዊ አባላት ካላችሁ ትኬት የሚገዛችሁ ሰው አላችሁ። የመጀመሪያው ትኬት ከመሸጡ በፊት አዳራሹንና መጠጡን በስፖንሰር ሸፍኑ። ወጪው ይገኛል ከተባለው ገቢ ሲሶ ካለፈ ሰርዙት ባይ ነኝ።

ርካሽና ሞቅ ያለ ነገር ከፈለጋችሁ ባዛርና ጨረታ አለ። በየቤተክርስቲያኑ ጨረታ ሲደረግ አይታችኋል። ድፎ ዳቦ ይቀርባል፤ አሸናፊው ይከፍልና መልሶ ለጨረታ ይሰጠዋል። ያው ዳቦ ሶስት አራት ጊዜ ይሸጣል። ጥሩ ተናጋሪ አጫራች ብቻ ያስፈልጋል። ሩጫ የሚወዱ ወጣቶች ካሏችሁ ደግሞ በ1994 ዓ.ም. የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ የሚሰበሰብበት መድረክ ሆኖ ቆይቷል። የራሳችሁን የሰፈር እርምጃ ማዘጋጀትም ይቻላል።

ቶምቦላ ግን ያለ ፈቃድ አይዞርም። ዕጣ ያለበት ማንኛውም ነገር የብሔራዊ ሎተሪን ፈቃድ ይፈልጋል።

9. ውጭ ያሉ ወገኖች

በ2010 ዓ.ም. ክረምት ዳያስፖራው ለአገር ውስጥ ልማት ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ዳያስፖራ ትረስት ፈንድ በቀን አንድ ዶላር እንዲሰጥ ሲጠየቅ ጥሪው ወዲያው የሚያዝ ነበር። ከ«አገራችሁን እርዱ» ይልቅ «በቀን አንድ ዶላር» ይታወሳል። እናንተም «በወር ይህን ያህል ዶላር፣ አንድ ተማሪ» በሉ።

ጎፈንድሚ የሚባለው የኢንተርኔት መዋጮ ማሰባሰቢያ ወደ ኢትዮጵያ ባንክ በቀጥታ አይከፍልም። ዘመቻውን የሚከፍተው አገልግሎቱ ባለበት አገር የሚኖር ሰው መሆን አለበት። አሜሪካ ያሉ ሰጪዎች ከታክስ እንዲቀነስላቸው ከፈለጉ እዚያ 501(c)(3) በሚባለው የታክስ ህግ አንቀጽ በበጎ አድራጎትነት የታወቀ ድርጅት ያስፈልጋል፤ አዲስ ከማቋቋም ካለው ጋር መስማማት ይቀላል።

ለገልፍ ጥንቃቄ አድርጉ። በሳዑዲ አረቢያና በተባበሩት አረብ ኤምሬትስ ያለ ፈቃድ መዋጮ ማሰባሰብ ያስቀጣል፤ በማህበራዊ ሚዲያ ቢሆንም። እዚያ የምትሰራ እህታችሁ ከጓደኞቿ ገንዘብ እንድትሰበስብ አትጠይቋት። የራሷን በህጋዊ መንገድ ከላከች ይበቃታል።

10. ያቋረጠ አባል

ሁለት ወር ያልከፈለ አባል ካለ ደውሉ፤ ስለ ገንዘቡ አታንሱ። ደህንነቱን ጠይቁ። ስራ ለቆ ይሆናል፣ ቤቱ ህመምተኛ ይኖር ይሆናል። «እስኪመችዎ ድረስ ይቆይ፣ ስምዎ ከመዝገብ አይወጣም» በሉት። ሪፖርቱን መላካችሁን አታቋርጡ። ስድስት ወር ካለፈ በኋላ አንዴ ብቻ፣ «እንቀጥል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አይሆንም ካለ እስካሁን የሰጠውን ጠቅላላ ብር የሚገልጽ የምስጋና ደብዳቤ ላኩለትና በዝርዝሩ ላይ ሌላ ስም ፈልጉ።