በሴት ገጸ ባሕርይ የሚመራ ተከታታይ ድራማ የሴቶች ብቻ ነውን? አባባሉን በማስረጃ የመመርመሪያ መንገድ

መሪ ገጸ ባሕርይዋ ሴት የሆነች ተከታታይ ድራማ ወንድ ተመልካች አታገኝም የሚለው አባባል በቴሌቪዥን ሥራ ውስጥ ለረጅም ጊዜ እንደ ደንብ ሲሠራበት ኖሯል። ሴቶች የወንድ ታሪክ ያያሉ፣ ወንዶች ግን የሴት ታሪክ አያዩም ይባላል። በዚህ እምነት የሚጸድቅ ወይም የሚጣል የድራማ ሐሳብ፣ የሚሰጥ ወይም የሚነፈግ የሥርጭት ሰዓት፣ የሚመጣ ወይም የሚቀር ስፖንሰር ስላለ፣ አባባሉን ከመቀበልም ሆነ ከማጣጣል በፊት መመርመሩ ተገቢ ነው። የሚከተለው መመሪያ የተዘጋጀው ስለ ድራማ ለሚጽፉ፣ ድራማ ለሚደርሱና በዚህ ጉዳይ ላይ ጥናት ለሚሠሩ ሰዎች ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው የአሜሪካና የብሪታንያ የሆኑት የተመልካች ቁጥር በእነዚያ አገሮች ለረጅም ዘመን እየተመዘገበ በይፋ ሲወጣ ስለኖረ ሲሆን፣ ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ በአባባሉ ውስጥ ተደባልቀው ያሉትን ጥያቄዎች ይለዩ። ከተመልካቹ መካከል ሴቶች ይበዛሉ ወይ የሚለው አንድ ጥያቄ ነው። ወንዶች ጨርሶ አያዩትም ወይ የሚለው ሌላ ነው። ይኸው ታሪክ በወንድ ቢመራ ኖሮ ተጨማሪ ወንዶች ይመጡ ነበር ወይ የሚለው ደግሞ ሦስተኛ ሲሆን፣ ድራማውን ለማጽደቅ ወይም ለመጣል የተቀመጠ ሰው በእርግጥ ማወቅ የሚፈልገው ይህንኑ የመጨረሻውን ነው። ክርክሩ መቋጫ የሚያጣው ብዙ ጊዜ ሰዎች ለሦስተኛው ጥያቄ የመጀመሪያውን መልስ ስለሚያቀርቡ ነው።

ድርሻንና ብዛትን ማምታታት ከዚሁ የሚመጣ ስሕተት ነው። ለማስረዳት ያህል ሁለት ድራማዎችን በሐሳብ እናስቀምጥ። አንደኛው 10 ሚሊዮን ተመልካች አለው፤ ከእነዚህ 60 በመቶው ሴቶች ናቸው። ሁለተኛው 5 ሚሊዮን ተመልካች አለው፤ ከእነዚህ ደግሞ 60 በመቶው ወንዶች ናቸው። የመጀመሪያው «የሴቶች»፣ ሁለተኛው «የወንዶች» ተብሎ ይጠራል፤ ነገር ግን የመጀመሪያውን 4 ሚሊዮን ወንዶች ሲያዩት ሁለተኛውን ያዩት 3 ሚሊዮን ብቻ ናቸው። ስለዚህ መቶኛ ብቻ ሲቀርብልዎ ጠቅላላ ቁጥሩን ይጠይቁ። መቶኛውንም ቢሆን ከግማሽ ጋር ሳይሆን ከጣቢያውና ከሰዓቱ አማካይ ጋር ያነጻጽሩት። በአሜሪካ ሴቶች በአማካይ ከወንዶች ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ቴሌቪዥን እንደሚያዩ ልኬቶች ለብዙ ዓመታት ስላሳዩ፣ 55 በመቶ ሴት ተመልካች ያለው ድራማ ከጎረቤቶቹ ምንም ያልተለየ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ «መሪ» የሚለውን ይወስኑ። በማስታወቂያው ሥዕል ላይ መታየት ወይም ስም ቀድሞ መጻፍ በቂ አይደለም፤ ታሪኩ የሚንቀሳቀሰው በማን ውሳኔ እንደሆነ ማየት ይሻላል። ሴትና ወንድ እኩል የሚመሩትንና ብዙ መሪዎች ያሉትን ድራማ ከምርመራው ማውጣት ነው፤ ሁለቱም ወገኖች ለየራሳቸው ማስረጃ አድርገው ስለሚጠሩት ክርክሩን ከማደናገር በቀር አይጠቅምም።

ከፍተኛውን ትኩረት የሚፈልገው ተመሳሳይ ድራማዎችን አጣምሮ ማነጻጸር ነው። በሴት የሚመራን የፍቅር ታሪክ በወንድ ከሚመራ የወንጀል ታሪክ ጋር አስተያይቶ ልዩነቱን የመሪዋ ጾታ ውጤት ማድረግ አይቻልም፤ በሁለቱ መካከል ከጾታ በፊት የታሪኩ ዓይነት ይለያያልና። ጥሩ ጥምር ማለት ዓይነቱ፣ አዘጋጁ፣ ገበያውና ዘመኑ አንድ ሆኖ መሪው ብቻ የተለየበት ነው። እንዲህ ያለ ጥምር በቀላሉ ባይገኝም ጥቂቶች አሉ።

በ1995 የተጀመሩት «ሄርኩሊስ» እና «ዚና» ለዚህ ቅርብ ናቸው። ሁለቱም በኒውዚላንድ የተቀረጹ፣ በአንድ አዘጋጅ ቡድን የተሠሩና በአሜሪካ ለየአካባቢው ጣቢያዎች የተሸጡ የጥንት ጀግኖች ታሪኮች ናቸው። «ዚና» የተወለደችው ከ«ሄርኩሊስ» ውስጥ በነበረች አንዲት ገጸ ባሕርይ ሲሆን፣ ብዙም ሳይቆይ በተመልካች ቁጥር ቀደመችው። «ሄርኩሊስ» በ1999 አበቃ፤ «ዚና» እስከ 2001 ዘልቃ 134 ክፍሎች ታየች። ጎራዴ የምትመዝ ሴት ያንን ገበያ አላባረረችም ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥምር የልጆች ጣቢያ የሆነው ኒክሎዲዮን ያሳያቸው ሁለት የአኒሜሽን ሥራዎች ናቸው። ከ2005 እስከ 2008 የታየው «አቫታር፦ ዘ ላስት ኤርቤንደር» መሪው ወንድ ልጅ ነበር፤ ከ2012 እስከ 2014 የታየው ተከታዩ «ዘ ሌጀንድ ኦቭ ኮራ» ግን የሚመራው ኮራ በተባለች ወጣት ሴት ነው። ከሁለቱ ፈጣሪዎች አንዱ ብራያን ኮኒየትዝኮ በ2012 እንደተናገረው፣ አንዳንድ የጣቢያው ኃላፊዎች ወንዶች ልጆች ሴት የምትመራውን የድብድብ ታሪክ አያዩም ብለው በመሥጋት ሥራው እንዲቆም አድርገው ነበር። ሥራው ለሙከራ ለልጆች ሲታይ ግን ወንዶቹ ልጆች ኮራ ሴት መሆኗ ምንም እንዳልመሰላቸውና እንደወደዷት ተናገሩ። የመጀመሪያው ሥርጭትም 4.5 ሚሊዮን ያህል ተመልካች አገኘ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የኃላፊዎቹ ሥጋት ከልጆቹ በፊት መምጣቱ ነው። ድራማው ያን ጊዜ ተጥሎ ቢቀር ኖሮ ደንቡ ሳይፈተን እንደተረጋገጠ ይቆጠር ነበር፤ ያልተሠራ ድራማ የተመልካች ቁጥር የለውምና። በሌላ በኩል ኮራ የተወደደ ታሪክ ወራሽ ስለነበረች፣ ከወንድ መሪ የተረከበችው ተመልካች ነበራት። አዲስ ታሪክ ይዛ ብትመጣ ምን ይሆን እንደነበር ይህ ጥምር ሊነግረን አይችልም፤ ይህንም በጽሑፍዎ ሳይደብቁ ያስፍሩ።

ሦስተኛው ምሳሌ ከሁሉ ይልቅ የሚያከራክረውና በእኔ አስተያየት ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው ነው። በብሪታንያው ቢቢሲ በሚታየው «ዶክተር ሁ» ውስጥ መሪው ገጸ ባሕርይ አካሉን እየለወጠ የሚኖር በመሆኑ ተዋናዮች ይተካካሉ። ለአሥርት ዓመታት ወንዶች ብቻ ሲጫወቱት ከቆዩ በኋላ ጆዲ ዊተከር ተረከበችና የመጀመሪያዋ ክፍል በጥቅምት 2018 ታየች። በሳምንት ውስጥ ያዩት ተጨምረው ተመልካቹ ወደ 11 ሚሊዮን ደረሰ፤ ይህም ድራማው በ2005 ዳግም ከተጀመረ ወዲህ ከታዩት የምዕራፍ መክፈቻዎች ትልቁ ነበር። ቁጥሩ ግን እየወረደ ሄዶ በ2021 የታዩት ክፍሎች በአማካይ ወደ 5 ሚሊዮን ተጠጉ። የአባባሉ ደጋፊ የመጨረሻውን ቁጥር፣ ተቃዋሚው የመጀመሪያውን ያነሣል፤ ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፣ ሁለቱም ግን ምርመራውን አልጨረሱም። ከተዋናይዋ ጋር ዋናው ጸሐፊ ተለውጧል፤ ሥርጭቱ ከቅዳሜ ወደ እሑድ ዞሯል፤ በዚያው ዘመን የመደበኛ ቴሌቪዥን ተመልካች በጠቅላላው እየሸሸ ነበር። መሪነቱ ወደ ወንድ ተዋናይ ከተመለሰ በኋላ በ2024 የታዩት ክፍሎች ደግሞ ከ2021ዱም ያነሰ ተመልካች ነው ያገኙት። የመውረዱ ምክንያት የመሪዋ ሴትነት ብቻ ቢሆን ኖሮ ወንድ ሲመለስ ቁጥሩ አንሰራርቶ መዝለቅ ነበረበት። ስለዚህ አንድን ቁጥር ይዘው ፍርድ ከመስጠትዎ በፊት ከለውጡ በፊትና በኋላ ያለውን ረዘም ያለ ጊዜ ይመልከቱ፤ ከመሪዋ ጋር አብሮ የተለወጠውንም ሁሉ ይዘርዝሩ።

የሥርጭት ሰዓትና የተመልካች ዕድሜ ብዙ ጊዜ የጾታን ስም ተውሰው ይመጣሉ። አንጄላ ላንስበሪ አረጋዊት የወንጀል ታሪክ ጸሐፊ ሆና የተጫወተችበት «መርደር ሺ ሮት» ከ1984 እስከ 1996 በአሜሪካው ሲቢኤስ ጣቢያ 12 ምዕራፎች ታይቷል። ለ11 ዓመታት የቆየው እሑድ ማታ፣ ብዙ ወንዶችም ከሚያዩት «ሲክስቲ ሚኒትስ» ከተባለው የዜና ፕሮግራም ቀጥሎ ሲሆን፣ በዚያ ሰዓት በአገሪቱ ከቀዳሚዎቹ ድራማዎች አንዱ ነበር። በ1995 ወደ ሐሙስ ተዛውሮ ወጣቱ ከሚከተለው «ፍሬንድስ» ጋር ሲገጥም ተመልካቹ በእጅጉ አነሰና በዓመቱ አበቃ። መሪዋ በሁለቱም ሰዓት ያችው ሴት ናት። ማስታወቂያ አስነጋሪዎችን ያሳሰባቸውም የተመልካቹ ጾታ ሳይሆን ዕድሜው ነበር።

የቁጥሩን ምንጭ መመርመርም ከሥራው ይገባል። ቁጥር ትልቅ ሲሆን ብቻውን የሚመሰክርበት ጊዜ አለ። በጥር 1953 «አይ ላቭ ሉሲ» የተሰኘው የሉሲል ቦል አስቂኝ ድራማ ሉሲ የወለደችበትን ክፍል ሲያሳይ፣ ቴሌቪዥን ካላቸው የአሜሪካ ቤቶች 70 በመቶ የሚበልጡት ከፍተውት ነበር፤ ተመልካቹም 44 ሚሊዮን ያህል ተገምቷል። ቤት አንድ ቴሌቪዥን ብቻ በነበረበት በዚያ ዘመን ወንዶቹ ሁሉ ሌላ ቦታ ነበሩ ማለት አይቻልም። ነገር ግን ማን ምን እንዳየ በየሰዉ መለየት የተቻለው በኋላ ነው። ኒልሰን የተባለው የልኬት ድርጅት እያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የራሱን ቁልፍ የሚጫንበትን መሣሪያ በአገር አቀፍ ደረጃ ሥራ ላይ ያዋለው በ1987 ነው፤ ከዚያ በፊት የጾታው ክፍፍል ብዙ ጊዜ አንድ የቤተሰብ አባል ስለ ሁሉም በሚሞላው ደብተር ላይ የተመሠረተ ስለነበረ፣ በዚያ ዘመን የተባለውን የወንድና የሴት ድርሻ በጥንቃቄ መቀበል ይገባል።

የኢንተርኔቱ ዘመን ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። ኔትፍሊክስ በታኅሣሥ 2023 ከ18,000 በላይ ሥራዎች ለስንት ሰዓት እንደታዩ የሚገልጽ ዝርዝር አወጣ። በ2023 የመጀመሪያ ስድስት ወራት ከፊት ከተሰለፉት አምስት ሥራዎች አራቱ፣ ማለትም የ«ጂኒ ኤንድ ጆርጂያ» ሁለተኛ ምዕራፍ፣ የኮሪያው «ዘ ግሎሪ»፣ «ዌንስዴይ» እና «ክዊን ሻርሎት»፣ በሴት የሚመሩ ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው ከ500 ሚሊዮን ሰዓት በላይ ታይተዋል። ዝርዝሩ ግን የተመልካቹን ጾታ አይገልጽም። ስለዚህ በሴት የሚመራ ድራማ ገበያ የለውም የሚለውን ይሽራል፤ ወንዶች ያዩታል የሚለውን ግን አያረጋግጥም። «ታየ» የሚለውም ቃል ትርጉሙ ይጣራ፤ በ2020 ስለ ቼዝ ተጫዋቿ «ዘ ክዊንስ ጋምቢት» 62 ሚሊዮን ቤተሰቦች አይተዋል ሲባል፣ የሚቆጠረው ቢያንስ ሁለት ደቂቃ ያየ ሁሉ ነበር።

ከሁሉ ያነሰ እምነት የሚጣልበት ሰዎች በኢንተርኔት ለድራማ የሚሰጡት ነጥብ ነው። ፋይቭ ሰርቲ ኤይት የተባለው የአሜሪካ መገናኛ በ2016 ባወጣው ትንተና፣ ነጥብ ከሚሰጡት መካከል ወንዶች እንደሚበዙና ሴቶች ለሚከተሏቸው ድራማዎች ዝቅተኛ ነጥብ እንደሚሰጡ፣ ሴቶች ግን የወንዶቹን ያን ያህል እንደማይቀጡ አሳይቷል። ይህ ለአባባሉ ደጋፊዎች የሚጠቅም ማስረጃ ነው፣ መሸሽም አያስፈልግም። ነገር ግን እዚያ የተለካው የነጥብ ሰጪዎቹ ጾታ እንጂ የመሪዋ ጾታ አይደለም፤ ደግሞም ነጥብ የሚሰጥ ሰው ከሚያይ ሰው እጅግ ያነሰ ነው።

ወደ ራሳችን አገር ስንመጣ፣ ካና ቴሌቪዥን በ2016 ሥርጭት ከጀመረ ወዲህ በአማርኛ የተተረጎሙ የቱርክ ድራማዎች በየሳሎኑ ሲታዩ «የሴቶች ነው» መባሉ የተለመደ ነው። ይህ ስም የሚሰጠው ግን መሪው ወንድ ለሆነበት የፍቅር ታሪክም ጭምር ስለሆነ፣ ስያሜው የተጣበቀው በታሪኩ ዓይነት እንጂ በመሪው ጾታ አይመስለኝም። ጉዳዩን በራስዎ ለማጣራት ከፈለጉ ሁለት መንገዶች አሉ። ድራማው በዩቲዩብ የሚጫን ከሆነ የቻናሉ ባለቤት የተመልካቾቹን የጾታና የዕድሜ ክፍፍል ማየት ስለሚችል እንዲያሳይዎ ይጠይቁ፤ ሆኖም ቁጥሩ በራሳቸው መለያ ገብተው ያዩትን ብቻ እንደሚይዝ፣ በልጅ ስልክ ወደ ቴሌቪዥን የተላከውን ቤተሰቡ ሁሉ ቢያየውም እንደ አንድ ልጅ እንደሚቆጥረው ያስቡ። አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን ዲሲ፣ አንድ ሳሎን ውስጥ አብሮ የሚያይ ቤተሰብ በዚህ ዓይነት ቆጠራ ይጠፋል።

ሁለተኛው መንገድ ሰው መጠየቅ ነው። «ይህን ድራማ ይወዳሉ?» ተብለው የሚጠየቁ አባወራ ብዙ ጊዜ «እኔ ዜና ነው የማየው» ይላሉ፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ግን ያቺ ልጅ ለምን ባሏን እንዳልተወች ሲከራከሩ ይሰማሉ። ስለዚህ ስለ መውደድ ሳይሆን ስለተደረገው ይጠይቁ፤ ትናንት ማታ ቤት ውስጥ ምን ተከፍቶ ነበር፣ ሪሞቱ በማን እጅ ነበር፣ ታሪኩ የት ላይ ቆመ፣ ካመለጣቸው ማን ነገራቸው። ወንዶችን ከጓደኞቻቸው ለይተው ያነጋግሩ፤ ታላላቆቹን በአንቱታ፣ ረጋ ብለው። በሴትና በወንድ የሚመሩ ተመሳሳይ ዓይነት ድራማዎችን ስም ሳያበላልጡ በአንድ ዝርዝር ያቅርቡላቸው። ጀምረው ያቋረጡትን በተለየ ገጽ ይመዝግቡ፤ ምክንያታቸውንም እነሱ በተናገሩት ቃል እንጂ እርስዎ በሚሰጡት መደብ አይጻፉ፤ «ሰዓቱ አይመቸኝም» ያለ ሰው ስለ መሪዋ ምንም አላለምና።