የዘይት ታንከርን ናይትሮጅን እንዴት እናለብሳለን?

ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ የሚሠራባት ከተማ ናት። እኔም ነገሩን ከዚያው ልጀምረው። ታንከር ውስጥ ከዘይቱ በላይ ያለውን ባዶ ቦታ በናይትሮጅን መሙላት ዘይቱን ብርድ ልብስ እንደማልበስ ነው። የምንከላከለው ግን ብርዱን ሳይሆን ኦክስጅንን ነው።

ከምንተነፍሰው አየር 21 በመቶው ኦክስጅን፣ 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ኦክስጅን ዘይትን ቀስ እያለ ያበላሻል። የኑግ ዘይት ደግሞ ሊኖሌይክ የሚባለው የስብ አሲድ ስለሚበዛበት ቶሎ ይጠቃል። የታንከሩን ክዳን ስትከፍቱ የሚከረፋ ሽታ አፍንጫችሁን ከመታው ጉዳቱ ደርሷል ማለት ነው። ወደኋላ መመለስ የለም። ናይትሮጅን ግን ዘይትን አያበላሽም።

መጀመሪያ ታንከሩ የሚችለውን ግፊት ከአምራቹ ወረቀት ላይ እዩ። ይህን አትዝለሉት። ግፊት በባር ይለካል፤ የባር አንድ ሺኛው ሚሊባር ነው። 10 ሚሊባር ሲሉት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ስፋቱ 3 ሜትር የሆነ ክብ ጣሪያን ከ7 ኩንታል በላይ በሆነ ኃይል ወደ ላይ ይገፋዋል። ናይትሮጅኑ ታምቆ በሚመጣበት ሲሊንደር ውስጥ ያለው ደግሞ 200 ባር ነው። ስለዚህ ሲሊንደርን በቀጥታ ከታንከር ጋር ማገናኘት ፈጽሞ አይሞከርም። በመካከል የሲሊንደሩ ሬጉሌተር (ግፊት መቀነሻ)፣ ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ በሚሊባር የሚሠራ ሁለተኛ ሬጉሌተር መኖር አለበት።

ቀጥሎ መተንፈሻ ቫልቭ ግጠሙ። ግፊት ሲበዛ የሚያስወጣ፣ ሲጎድል ደግሞ አየር የሚያስገባ መሆን አለበት። ጋዙ ቢያልቅ ዘይት ይበላሻል፤ መተንፈሻው ቢዘጋ ግን ታንከሩ ራሱ ይጠፋል። አንድ ቦታ ቀለም ሲቀቡ መተንፈሻውን በፕላስቲክ ጠቅልለው ረሱት። ፓምፑ ተነሥቶ ዘይት መሳብ ሲጀምር የታንከሩ ጎን እንደተረገጠ ጣሳ ወደ ውስጥ ገባ። ከዚያ ወዲህ ፓምፕ ከመነሣቱ በፊት መሰላል ወጥቼ መተንፈሻውን በዓይኔ ሳላይ አላልፍም።

አሁን ውስጥ ያለውን አየር አስወጡ። ባዶ ታንከር ከሆነ የታንከሩን መጠን ሦስት እጥፍ ናይትሮጅን በአንድ በኩል አስገብታችሁ፣ ራቅ ባለው በሌላ በኩል ወደ ውጭ ልቀቁ። ጋዙ በደንብ ከተደባለቀ ኦክስጅኑ ወደ 1 በመቶ ይወርዳል። መውረዱን በኦክስጅን መለኪያ አረጋግጡ። ጋዝ መቆጠብ ከፈለጋችሁ ታንከሩን መጀመሪያ በዘይት እስከ ላይ ሙሉት፤ ከዚያ ዘይቱ ሲቀዳ ቦታውን ናይትሮጅን ይያዝ።

እዚህ ላይ ከፍታችን ይረዳናል። 200 ባር የሞላ ባለ 50 ሊትር ሲሊንደር ባሕር ዳርቻ ላይ 10 ኪዩቢክ ሜትር ገደማ ጋዝ ይሰጣል። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል ወደ 2,800 ሜትር ከፍ ስለምትል አየሯ የሳሳ ነው፤ ያው ሲሊንደር 13 ያህል ይሆናል። ባለ 20 ኪዩቢክ ሜትር ታንከር አየር ለማስወጣት አምስት ሲሊንደር ይበቃል። ናይትሮጅንን ከአየር ለይቶ የሚያመርት ማሽን ስትገዙ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ኮምፕሬሰሩ የሳሳ አየር ስለሚስብ ምርቱ ይቀንሳል። ለሻጩ ከፍታውን ንገሩት።

ግፊቱን ከጌጅ በተጨማሪ በርካሽ ነገር መመልከት ይቻላል። ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ጎማ በዩ ቅርጽ ግድግዳ ላይ እሰሩ፤ ቀለም የነካው ውሃ ጨምሩበት። አንዱን ጫፍ ከታንከሩ ጋር አገናኙ፤ ሌላው ክፍት ይሁን። በሁለቱ በኩል ያለው የውሃ ልዩነት 5 ሴንቲሜትር ከሆነ ግፊቱ 5 ሚሊባር ነው። ታንከሩ ከቻለው 5 ጥሩ መነሻ ነው። በኅዳር ውርጭ ውሃው በረዶ ሊሆን ስለሚችል ጠዋት ጎማውን ነካ ነካ አድርጋችሁ እዩት።

ውርጩ ሌላም ነገር ያደርጋል። 20 ኪዩቢክ ሜትር ባዶ ቦታ ቀን 25 ዲግሪ ሆኖ ሌሊት ወደ 5 ከወረደ፣ ጋዙ በ1.3 ኪዩቢክ ሜትር ያህል ይኮማተራል። ያን የሚተካ ናይትሮጅን ከሌለ መተንፈሻው የውጭ አየር ይስባል፤ ልፋታችሁ በአንድ ሌሊት ከንቱ ይቀራል። ስለዚህ ማታ ስትወጡ ሲሊንደሩን አትዝጉ። ፓምፑ በሰዓት 10 ኪዩቢክ ሜትር የሚቀዳ ከሆነም ሬጉሌተሩ ቢያንስ ያንኑ ያህል ማስገባት መቻል አለበት።

ለቢራ ታንከር የተለመደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በኮስቲክ ሶዳ ከማጠባችሁ በፊት ግን ጋዙን ሙሉ በሙሉ አስወጡ። ሶዳው ጋዙን ውጦ ታንከሩን ባዶ ያደርገዋል፤ ታንከሩም ይጨማደዳል።

አሁን ከሁሉም የሚያሳስበኝን ልንገራችሁ። ናይትሮጅን ሽታም ቀለምም የለውም። ትንፋሽ አጠረኝ የሚያሰኘን በሰውነታችን የሚጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ እሱ ደግሞ ናይትሮጅን ስንተነፍስም እንደ ወትሮው ይወጣል። ስለዚህ የመታፈን ስሜት እንኳ ሳይኖር ሰው ይወድቃል። ሊያወጣው የገባው ጓደኛም እላዩ ላይ ይወድቃል። ታንከር ውስጥ ለመግባት የናይትሮጅኑን ቧንቧ ፈትታችሁ ለዩ፤ ቫልቭ መዝጋት ብቻ አይበቃም። በነፋስ ማስገቢያ ንጹሕ አየር ንፉ። ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ለኩ። ኦክስጅኑ ከ19.5 በመቶ በታች ከሆነ ማንም አይግባ። ሲገባም ውጭ የሚጠብቅ ሰው ይኑር፤ የገባው ሰው ደረቱንና ትከሻውን በሚይዝ የደኅንነት ቀበቶ ላይ በታሰረ ገመድ ይጎተት እንጂ ማንም ተከትሎት አይግባ።

ክዳኑ ላይም በቀይ ቀለም እንዲህ ጻፉ፦ «ናይትሮጅን አለ። ሳትለካ ጭንቅላትህን እንኳ አታስገባ።»