አስታማሚዋን ማን ይተካት? ከውጭ ሆነው ወላጅ ለሚያስታምሙ ወገኖች

በውጭ የሚኖሩ ወገኖች ስለ ታመሙ ወላጆቻቸው ሲያማክሩኝ ስለ መድኃኒት፣ ስለ ሐኪም፣ ስለ ተሽከርካሪ ወንበርና ስለ ሀዋላ በዝርዝር ይጠይቃሉ፤ አልጋው አጠገብ ስለምታድረው እህት ወይም ምራት የሚጠይቀኝ ግን ጥቂት ነው። እርሷ ከወደቀች የተላከው ሁሉ የሚያደርሰው ሰው ስለሚያጣ፣ እዚህ የምጽፈው በዋናነት ስለ እርሷ ዕረፍት ነው።

የአልጋ ቁራኛ የሆነ ሰው ገላው እንዳይቆስል በየ2 ሰዓቱ ገደማ መገላበጥ አለበት፣ ሌሊትም ጭምር። የመርሳት ሕመም ያለበት ደግሞ ሁሉም በተኛበት ሰዓት ተነሥቶ በር ሊከፍት ይችላል። ስለዚህ አስታማሚን ቶሎ የሚጥላት ከቀኑ ሥራ ይልቅ እንቅልፍ ማጣቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት፣ የትዳር ጓደኞቻቸውን እያስታመሙ ከፍተኛ ጫና የተሰማቸው አረጋውያን፣ በ4 ዓመት ክትትል ውስጥ የመሞት ዕድላቸው ከማያስታምሙት በ63 በመቶ ከፍ ብሎ መገኘቱን አሳይቷል። አቅምዎ ለአንድ ተተኪ ብቻ ከበቃ፣ በእኔ አስተያየት ከቀን ረዳት በፊት የሌሊቷ ትቀድማለች።

ገንዘቡ በማን እጅ ይለፍ የሚለው ዋናው ችግር ስለሆነ፣ በእኛ ቤተሰብ የደረሰውን ስም ሳልጠቅስ ልናገር። እናታችንን የምታስታምመው ታናሽ እህቴ ነበረች፤ ገንዘቡን የሚቀበለው ግን የባንኩንም የመሥሪያ ቤቱንም መንገድ የሚያውቅ፣ ሁሉም የሚያምነው የቅርብ ዘመዳችን ነበር። ለእህቴ የሌሊት ተተኪ እንዲቀጠርላት ተስማምተን በየወሩ መላክ ጀመርን። ሠራተኛዋ በእርግጥ ተቀጠረች፣ ደመወዟም ይከፈላት ነበር፤ የምታድረው ግን በእርሱ ቤት ነበር። የእርሱን ልብስ ታጥባለች፣ የእርሱን ልጆች ትምህርት ቤት ታደርሳለች፣ እናታችን ዘንድ ብቅ የምትለው እኛ እንደምንደውል ሲታወቅ ብቻ ነው። ደረሰኝ ሲጠየቅ ደረሰኝ ነበረው፤ ፎቶግራፍ ሲጠየቅ ሠራተኛዋ ከእናታችን አልጋ አጠገብ ቆማ የተነሣችውን ላከ። እህቴ ዝም ያለችው ለቤቱ የዕለት ወጪ የሚሰጣትም ያው ዘመድ ስለነበረ ነው፤ በዚያ ላይ ቤተሰብ አጣላች መባልን ፈራች። ወሬው የደረሰን ከጎረቤት ነው። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ሲጠየቅ «እኔስ ስለ እናንተ ስመላለስ አልደከምኩም?» ብሎ መለሰ። ጉዳይ ማስፈጸም እንደሚያደክም አልክድም፤ ለድካሙ ዋጋ ከፈለገ ሊጠይቀን ይችል ነበር፣ የእህቴን እንቅልፍ ወስዶ ሊያካክሰው ግን አይገባም ነበር።

ደረሰኝ የሚያረጋግጠው ገንዘቡ መከፈሉን እንጂ አስታማሚዋ ማረፏን አይደለም። ስለዚህ ለዕረፍቷ የተመደበው ገንዘብ በራሷ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ይግባ፤ ሠራተኛዋንም የምትመርጠውና የምትከፍላት እርሷው ትሁን። ጉዳይ የሚያስፈጽመው ዘመድ ሌላ፣ ሁኔታውን አልፎ አልፎ አይቶ የሚነግርዎት ሰው ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ቢሆን ይመረጣል። ሲደውሉ «እማዬ እንዴት ናት?» ብለው አይዝጉ፤ ብቻዋን በምትሆንበት ሰዓት ደውለው «ትናንት ሌሊት ለስንት ሰዓት ያህል ተኛሽ? ለመጨረሻ ጊዜ ከቤት የወጣሽው መቼ ነው?» ብለው ይጠይቋት። መልሷ ከደረሰኙ ጋር ካልገጠመ እርሷን ይመኑ። የሚገርመው ግን በብዙ ቤት የሚደረገው ተቃራኒው ነው፤ ገንዘቡን የያዘው ሳይጠየቅ አስታማሚዋ የሳሙና ሒሳብ ታወራርዳለች።

ወንድምና እህት በጉዳዩ ሲነታረኩ ሕጉን ማስታወስ ይጠቅማል። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ወላጅን የመጦር ግዴታ የልጆች ሁሉ ነው፤ ያላገባችው ወይም ቤት የቀረችው ልጅ ብቻዋን እንድትሸከመው የሚል የለም። ድርሻውን በጉልበት የማይከፍል በገንዘብ ይክፈል፤ እርሷ በማስታመም ያጣችው የሥራ ገቢም ከወጪው ይቆጠር።

ጉዳይ ለሚያስፈጽመው ዘመድ የሚሰጠውን የውክልና ሂደት ያውቁታል፦ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያም ሰነዶች ማረጋገጫ። ለማስታመም ሲባል ቤት የመሸጥ ሥልጣን የሚሰጥ ውክልና እንዲልኩ ቢጠየቁ ግን አይፈርሙ። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታቀፍ የሚችል ቤተሰብ ከሆነ የምዝገባውና የዕድሳቱ ጊዜ እንዳያልፍ ያስታውሱ።

ተተኪዋን ስለ መቅጠር፣ በደላላ የመጣችም ቢሆን ተያዥ ይኑራት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በግል ቤት የሚሰጥን አገልግሎት ስለማይሸፍን፣ የሥራ ሰዓቷ፣ ደመወዟና የዕረፍት ቀኗ በጽሑፍ ውል ይቀመጡ፤ ውሉ ሥራዋ ማስታመም እንጂ የቤት ጽዳት አለመሆኑን ይግለጽ። የእርሷንም ጉልበት በዝብዘን አስታማሚ እንዳናሳርፍ አደራ እላለሁ።

ማኅበረሰቡስ? እድር በዋናነት የተሠራው ለቀብርና ለሐዘን ነው፤ ሆኖም የታመመ አባልን መጠየቅ የቆየ ልማዱ ስለሆነ ጥያቄው በልኩ ከቀረበ ብዙዎች እሺ ይላሉ። «እርዱን» ማለት ማንንም አያስነሣም፤ «ዘወትር ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ለ2 ሰዓት ያህል የሚቀመጥ ሰው እንፈልጋለን» ቢባል ግን ሁለት ሦስት ሴቶች ተራ ሊገቡ ይችላሉ። አስታማሚዋ የራሷን የእድርና የእቁብ መዋጮ እንዳታቋርጥ ገንዘቡን ይሸፍኑላት፤ ከሰው የምትቆራረጠው እዚያ ሳትገኝ ስትቀር ነውና። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ቤቱን ትወቀው። እንደ መቄዶንያ ያሉ ማዕከላት ግን ጧሪ ላጡ የቆሙ ስለሆኑ ለጥቂት ቀናት ማሳረፊያ አድርገው አያስቧቸው።

አስታማሚዋ ራሷ «እናቴን ለባዳ አልተውም» ማለቷ አይቀርም፣ ሕመምተኛዋም አዲስ ፊት ላትወድ ትችላለች። መጀመሪያ አስታማሚዋ ቤት ውስጥ እያለች ተተኪዋ ታጥባ፣ ታብላ፤ ቀጥሎ አስታማሚዋ ለ1 ሰዓት ትውጣ፤ ሌሊቱ በመጨረሻ ይምጣ። የመድኃኒቱ ስምና ሰዓት ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ እርሷ በሌለችበት ሕመሙ ቢጠና ወደ የትኛው ሆስፒታል እንደሚኬድና ወጪውን ማን እንደሚፈቅድ አስቀድሞ ይወሰን፤ አለዚያ በወጣች ቁጥር ስልኩ ወደ እርሷው ይጮኻል።