አዲስ ስርዓተ ክወና በቆየ ኮምፒውተር ላይ ሲጫን ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

አምራቹ ድጋፍ ባቆመለት ኮምፒውተር ላይ አዲስ ስርዓተ ክወና መጫን በአሁኑ ጊዜ ብዙም የሚያስቸግር ሥራ አይደለም። ለዊንዶውስ ሩፈስ፣ ለማክ ደግሞ ኦፕንኮር ሌጋሲ ፓቸር የተባሉት ነጻ መሣሪያዎች መጫኛው ኮምፒውተሩ መስፈርቱን ማሟላቱን የሚያይበትን ፍተሻ ያሳልፋሉ፤ ሊኑክስም ቢሆን የፕሮሰሰሩን ትውልድ እየጠየቀ አይመልስም። የሚያስቸግረው ከተጫነ በኋላ የሚመጣው ነው። ስክሪኑ ጠቁሮ ይቀራል፣ ዋይፋዩ ይጠፋል፣ ትናንት በደንብ ይሠራ የነበረው ላፕቶፕ ከአንድ አፕዴት በኋላ አልነሳም ይላል፤ ባለቤቱም «ዕቃው አርጅቷል» ብሎ ይተወዋል። እኔ እንደማየው ግን ከእነዚህ ችግሮች የሚበዙት የሚመነጩት ከዕቃው ዕድሜ ሳይሆን ከአጫጫንና ከችግር አፈላለግ ጉድለት ነው።

ፍተሻውን ማለፍን መስፈርቱን እንደ ማሟላት መቁጠር

ከሁሉም በላይ ጊዜ የሚያባክነው ስህተት ይህ ነው። የመጫኛው ፍተሻ በር ላይ እንደቆመ ዘበኛ ነው፤ ዘበኛውን ማለፍ ይቻል ይሆናል፣ ቤቱ ውስጥ የሌለ ዕቃ ግን ስለተገባ ብቻ አይገኝም። ስለዚህ ፍተሻውን ከማለፍ በፊት የጎደለው ነገር አምራቹ በፖሊሲ ያስቀመጠው ገደብ ነው ወይስ ስርዓተ ክወናው ያለ እርሱ በጭራሽ ሊሠራ የማይችል ነገር ነው ብሎ መለየት ያስፈልጋል።

ዊንዶውስ 11ን ብንወስድ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ ቲ ፒ ኤም 2.0ን (የምስጢር ቁልፎችን የሚጠብቅ የደህንነት ክፍል)፣ ሴኪዩር ቡትን (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ያልተፈቀደ ሶፍትዌር እንዳይገባ የሚከለክል)፣ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት የማከማቻ ቦታን፣ ከኢንቴል በኩል ደግሞ ከጥቂት ሞዴሎች በስተቀር 8ኛ ትውልድና ከዚያ በላይ የሆነ ፕሮሰሰርን ጠይቋል። ከእነዚህ ውስጥ የቲ ፒ ኤሙና የፕሮሰሰር ትውልዱ ጥያቄ በአብዛኛው የፖሊሲ ጉዳይ ነው፤ 4ኛ ወይም 6ኛ ትውልድ ኮር አይ 5 ያለው ላፕቶፕ ፍተሻው ከታለፈለት ስርዓቱን ያለ ብዙ ችግር ያስኬዳል። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው 24ኤች2 የተባለው እትም ግን ሌላ ነገር ይዞ መጣ፦ ፖፕካውንትና ኤስ ኤስ ኢ 4.2 የሚባሉትን የፕሮሰሰር ትእዛዞች የግድ ይፈልጋል። እነዚህ ትእዛዞች በኮር 2 ዱዎ ፕሮሰሰሮች ላይ የሉም፤ ኢንቴል ሁለቱንም ያስገባቸው እ.ኤ.አ. በ2008 ከተጀመሩት የኮር አይ ፕሮሰሰሮች ጀምሮ ነው። ስለዚህ ከእርሱ በፊት የወጣውን 23ኤች2ን በደህና ያስኬድ የነበረ የኮር 2 ዱዎ ማሽን ወደ 24ኤች2 ሲሻገር ጭራሽ አይነሳም፤ በሬጂስትሪ (የዊንዶውስ ቅንብሮች መዝገብ) ማስተካከያም ሆነ በሌላ ፍላሽ ማዳን አይቻልም። ይህን አስቀድሞ ለማወቅ ሲፒዩ-ዚ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ከፍቶ የፕሮሰሰሩ ትእዛዞች በተዘረዘሩበት መስመር ላይ ኤስ ኤስ ኢ 4.2 መኖሩን ማየት ይበቃል።

በማክ በኩልም ተመሳሳይ ወሰን አለ። አፕል እ.ኤ.አ. በ2018 ከወጣው ሞሃቪ ጀምሮ ሜታል የተባለውን የግራፊክስ ሥርዓት ግዴታ አድርጓል። ኢንቴል ኤች ዲ 3000 ግራፊክስ ያላቸው የ2011 ማኮች ሜታልን አይደግፉም፤ ኤች ዲ 4000 ያላቸው የ2012ቶቹ ግን ይደግፋሉ። በመካከላቸው ያለው የአንድ ዓመት ልዩነት በወረቀት ላይ ትንሽ ቢመስልም፣ በአዲሶቹ የማክ ስርዓቶች ላይ አንደኛው ለዕለት ሥራ የሚሆን፣ ሌላኛው በየመስኮቱ የምስል መዛባት የሚታይበት ኮምፒውተር ያደርጋቸዋል።

የዚህ ስህተት ተቃራኒም አለ። ከ2015 ገደማ ወዲህ በተሠሩ ብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ቲ ፒ ኤም በፕሮሰሰሩ ውስጥ ተሠርቶ ይመጣል፤ ኢንቴል ፒ ቲ ቲ፣ ኤ ኤም ዲ ደግሞ ኤፍ ቲ ፒ ኤም ይሉታል። ብዙ ጊዜ ግን ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ የሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ ተዘግቶ ስለሚቆይ መጫኛው «የለም» ይላል። ይህን ሳያዩ ወደ ማለፊያ ዘዴ መሮጥ፣ ያለን ነገር እንደሌለ ቆጥሮ መተው ነው።

ባዮስን ያለ ዝግጅት መነካካት

ቲ ፒ ኤምን ወይም ሴኪዩር ቡትን ለመክፈት ባዮስ ውስጥ የሚገባ ሰው ሁለት ወጥመዶች ይጠብቁታል። የመጀመሪያው ዲስኩን በምስጢር ቁልፍ የሚቆልፈው የዊንዶውስ መሣሪያ፣ ቢትሎከር ነው። ዲስኩ በቢትሎከር ተቆልፎ እያለ የቲ ፒ ኤም ወይም የሴኪዩር ቡት ቅንብር ከተቀየረ፣ ኮምፒውተሩ በሚቀጥለው ሲነሳ 48 አሃዝ ያለውን የመልሶ ማግኛ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል። ብዙ ላፕቶፖች ባለቤቱ ሳያውቅ ተቆልፈው ስለሚመጡ፣ «እኔ ቢትሎከር አልከፈትኩም» ማለት ዋስትና አይሆንም። ቁልፉ በማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ መኖሩን በስልክ ወይም በሌላ ኮምፒውተር ማረጋገጥ፣ ከዚያም ቢትሎከርን ለጊዜው ማገድ፣ ባዮሱን ከመንካት በፊት መደረግ አለበት።

ሁለተኛው የዲስኩ አከፋፈል ነው። በድሮው የባዮስ ስልት የተጫነ ዊንዶውስ ዲስኩን ኤም ቢ አር በተባለው የቆየ ስልት ከፍሎ ይይዛል፤ ሴኪዩር ቡት ግን የድሮውን ባዮስ የተካውን ዩ ኢ ኤፍ አይን፣ ዩ ኢ ኤፍ አይም ዊንዶውስን ለማስነሳት ጂ ፒ ቲ የተባለውን አዲሱን አከፋፈል ይፈልጋል። ዲስኩን ሳይለውጡ ባዮሱን ብቻ ወደ ዩ ኢ ኤፍ አይ የሚቀይሩ ሰዎች «የሚነሳ ዲስክ አልተገኘም» የሚል ጽሑፍ ሲገጥማቸው ዲስኩ የተበላሸ ይመስላቸዋል፤ ፎርማት የሚያደርጉም አሉ። ዲስኩ ምንም አልሆነም፤ ቅንብሩን ወደ ነበረበት መመለስ ብቻ ኮምፒውተሩን ያስነሳዋል። ከዚያ በኋላ ዊንዶውስ 10 ራሱ ይዞት በሚመጣው ኤም ቢ አር ቱ ጂ ፒ ቲ በተባለ መሣሪያ ፋይሎችን ሳያጠፉ አከፋፈሉን መቀየር ይቻላል፤ ባክአፕ ግን መቅደም አለበት።

የዕቃውን ሕመም በስርዓቱ ላይ ማላከክ

አሥር ዓመት ያገለገለ ኮምፒውተር የራሱ ሕመም ይኖረዋል፤ አዲሱ ስርዓት ደግሞ ከቀድሞው ይልቅ ዲስኩንና ራሙን ስለሚያሠራ የተደበቀውን ያወጣዋል። መጫኑ በየጊዜው የተለያየ ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ፣ ድራይቨር (ስርዓቱን ከዕቃው ጋር የሚያገናኝ ፕሮግራም) ከመጠርጠር በፊት ራሙን በሜምቴስት መፈተሽ፣ የዲስኩንም የጤና መረጃ ማየት ይሻላል። ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ድራይቨር ወይም ወደ መጫኛው ፍላሽ ያዘነብላል። ይህን አንድ ልዩነት መመልከት ብቻ ብዙ ልፋት ይቀንሳል።

በተለይ የሚረሳው በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ናት። በአብዛኞቹ ዴስክቶፖች ላይ ሲ አር 2032 የምትባለዋ ስትሆን፣ ስትደክም ኮምፒውተሩ ከኤሌክትሪክ በተነቀለ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ቀኑ ሲሳሳት የድረ ገጾች የደህንነት ሰርተፊኬት ተቀባይነት ስለሚያጣ፣ ዋይፋዩ ተገናኝቶ እያለ ገጾች አይከፈቱም፣ አፕዴት አይወርድም፤ የማክ መጫኛም ሊረጋገጥ አልቻለም ብሎ ያቆማል። ተጠቃሚው የኔትወርክ ድራይቨር ሲቀያይር ይውላል፤ መፍትሔው ግን ከስክሪኑ ጥግ ያለውን ቀን ማየት ነበር።

ስለ ፍጥነት ደግሞ አንድ ነገር ብቻ እላለሁ፦ በሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላይ አዲስ ዊንዶውስ ወይም አዲስ ማክ ኦኤስ ጭኖ «ለምን ዘገየ» ብሎ ማስተካከያ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው። መጀመሪያ ኤስ ኤስ ዲ ይግባ።

ማንነቱ ካልታወቀ ሰው የተቀነሰ መጫኛ ማውረድ

«ለደካማ ኮምፒውተር የቀለለ» እየተባሉ የሚሰራጩ የዊንዶውስ ቅጂዎች ፈታኝ ናቸው። ቅጂውን ያዘጋጀው ሰው ምን እንደጨመረበት ማወቅ እንደማይቻል ለጊዜው ብንተወው እንኳ፣ ምን እንደቀነሰም አይታወቅም፤ ኋላ ላይ አፕዴት እምቢ ሲል ወይም ፕሪንተር ሳይሠራ ሲቀር ችግሩ ከኮምፒውተሩ ይሁን ከተቀነሰው ክፍል መለየት አይቻልም። ዋናውን ፋይል ከአምራቹ አውርዶ በሩፈስ ወደ ፍላሽ መጻፍ ያው ውጤት ያስገኛል፤ የፍተሻ ማለፊያው ምርጫ እዚያው አለ። ፋይሎቹን በእጅ ገልብጦ ፍላሽ ለማዘጋጀት የሚሞክር ሰው ደግሞ ፋት 32 የተባለው አደራጃጀት ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል እንደማይቀበል ይወቅ።

ማክ ላይ ከተጫነ በኋላ ያለውን ሥራ መርሳት

ኦፕንኮር ሌጋሲ ፓቸር ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይሠራል፤ ሰዎች የሚሳሳቱት እንደ አንድ ስለሚያዩዋቸው ነው። አንደኛው ኮምፒውተሩ ሲነሳ ቀድሞ የሚነሳው ኦፕንኮር ሲሆን፣ ሁለተኛው አዲሱ ስርዓት የጣላቸውን የግራፊክስና የዋይፋይ ድራይቨሮች ስርዓቱ ውስጥ መልሶ የሚያስገባው ጥገና ነው።

የመጀመሪያው ሲረሳ የሚታየው ምልክት ግልጽ ነው። ማኩ ከፍላሹ ተነስቶ በደንብ ይጫንና ፍላሹ ሲነቀል መሰረዣ መስመር ያለበት ክብ ምልክት አሳይቶ ይቆማል። ይህ የሚሆነው ኦፕንኮር በውስጡ ዲስክ ላይ ስላልተጫነ ነው። ፍላሹን መልሶ ሰክቶ፣ ኦፕሽን ቁልፍን ተጭኖ ማብራት፣ ኢ ኤፍ አይ ቡት የሚለውን መምረጥ፣ ከገቡ በኋላም ኦፕንኮርን ወደ ውስጡ ዲስክ መጫን ነው። ኤንቪራምን (ማኩ የአነሳስ ቅንብሮቹን የሚያስቀምጥበትን ትንሽ ማህደር) ያጸዳ ሰውም ያንኑ ምልክት ሊያይ ይችላል፤ ኮምፒውተሩ የሚነሳበትን ምርጫ ስለረሳ ነው እንጂ የተበላሸ ነገር የለም።

ሁለተኛው ሲረሳ ማኩ ይነሳል፤ ነገር ግን መስኮቶች እየተንቀረፈፉ ይከፈታሉ፣ ከታች ያለው የአዶዎች መደርደሪያ ብርሃን አሳላፊነቱን ያጣል፣ ቪዲዮ ይቆራረጣል። እያንዳንዱ የስርዓት አፕዴት ጥገናውን ስለሚያጠፋው ከየአፕዴቱ በኋላ እንደገና መደረግ አለበት። እዚህ ላይ አንድ ቋጠሮ አለ፦ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ሶኖማ የብዙ ቆየት ያሉ ማኮችን የዋይፋይ ድራይቨር አስወግዷል፤ ዋይፋዩን የሚመልሰው ጥገናው ነው፤ ጥገናው ደግሞ በአንዳንድ ሞዴሎች ላይ ተጨማሪ ፋይል ከኢንተርኔት ማውረድ ይፈልጋል። የኔትወርክ ኬብል፣ መሰኪያ በሌላቸው ላፕቶፖች ላይም ተስማሚ አስማሚ አስቀድሞ ያላዘጋጀ ሰው እዚህ ላይ ይታሰራል።

ጊዜያዊ መፍትሔን ቋሚ ማድረግ

ሊኑክስ በቆየ የግራፊክስ ካርድ ላይ ሲጫን ስክሪኑ ከጠቆረ ኖሞድሴት የሚለውን ቃል በማስነሻው መስመር ላይ መጨመር የታወቀ ዘዴ ነው። ይህ ቃል ግን የግራፊክስ ድራይቨሩ ሥራውን እንዳይጀምር የሚያግድ ነው። ስክሪኑ ስለበራ ብቻ ቃሉን በቋሚነት የተዉ ሰዎች ዝቅ ያለ የምስል ጥራትና የሚጎተት ቪዲዮ ይዘው ይቀሩና ሊኑክስን ይወቅሳሉ። ኖሞድሴት የሚያገለግለው ስርዓቱ ውስጥ ገብቶ ትክክለኛውን ድራይቨር እስከ መጫን ነው። ካርዱ ኤንቪዲያ ከሆነ ደግሞ ትውልዱ ይታወቅ፦ የኬፕለር ካርዶች የመጨረሻው ድራይቨር የ470 ተከታታይ፣ የፌርሚዎቹ የ390 ተከታታይ ነው። አዲሱን ድራይቨር በግድ መጫን ስክሪኑን መልሶ ያጠቁረዋል፤ እነዚህ የድሮ ድራይቨሮች ደግሞ ከአዳዲስ ከርነሎች (የሊኑክስ እምብርት) ጋር ሳይስማሙ ስለሚቀሩ ኑቮ የተባለውን ክፍት ድራይቨር መጠቀም ብዙ ጊዜ ሰላም ይሰጣል።

ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ መቀየር፣ ማስረጃውንም አለማንበብ

ችግር ሲፈጠር ባዮሱን አፕዴት ማድረግ፣ ሦስት ድራይቨር መቀየርና ሬጂስትሪ ማስተካከል በአንድ ጊዜ ከተደረጉ፣ ኮምፒውተሩ ቢድን እንኳ ያዳነው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም፤ ከባሰበትም ያባሰው አይታወቅም። አንድ ነገር ቀይሮ፣ አስነስቶ አይቶ፣ ጽፎ መያዝ ይገባል። ስርዓቶቹ ራሳቸውም ይናገራሉ፦ የዊንዶውስ መጫኛ ሳይሳካ ሲቀር ምክንያቱን ፓንተር በተባለው ፎልደር ውስጥ ይጽፋል፤ ማይክሮሶፍት ያዘጋጀው ሴትአፕዲያግ ይህን አንብቦ ያጠቃልላል። ሊኑክስም ያለፈውን ያልተሳካ አነሳስ መዝገብ ያስቀምጣል፤ ማክ ደግሞ ኮማንድና ቪ ተጭነው ሲያስነሱት በየትኛው መስመር ላይ እንደቆመ ያሳያል።

ማስረጃው አዲሱ ስርዓት እንደማይሆን ካሳየም መመለሻው እንዳይዘጋ ጊዜውን ማስላት ያስፈልጋል። ዊንዶውስ ወደ ቀድሞው እትም መመለስ የሚፈቅደው በተለምዶ ለ10 ቀናት ብቻ ነው፤ ቦታ ለማስለቀቅ ተብሎ የቀድሞው ስርዓት ፎልደር ከተሰረዘ ያም ይቀራል። በማክ ላይ ወደ ኋላ መመለስ ዲስኩን ማጽዳት ስለሚጠይቅ ያለ ታይም ማሽን ባክአፕ መጀመር አይገባም።

የሚቀጥለው እትም በራሱ ይመጣል ብሎ መጠበቅ

መስፈርቱን በማያሟላ ኮምፒውተር ላይ የተጫነ ዊንዶውስ 11 ወርሃዊ የደህንነት አፕዴቶችን በተግባር ሲቀበል ይታያል፤ ማይክሮሶፍት ግን ለዚህ ዋስትና አይሰጥም፤ ዓመታዊውን ትልቅ እትምም በዊንዶውስ አፕዴት በኩል አያቀርብለትም። ለቤትና ለፕሮ እትሞች የሚሰጠው ድጋፍ 24 ወራት ስለሆነ፣ ለምሳሌ 23ኤች2 ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠ ኮምፒውተር እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2025 ወዲህ የደህንነት ጥገና አያገኝም፤ ምንም የሚጮህ ማስጠንቀቂያ ስለማይኖር ባለቤቱ ላያውቀው ይችላል። የተጫነውን እትም ቁጥር በቅንብሮች ውስጥ አልፎ አልፎ ማየት፣ አዲሱንም በፍላሽ በእጅ መጫን የባለቤቱ ሥራ ሆኖ ይቀራል። ፕሮሰሰሩ 24ኤች2ን የማይሸከም ከሆነ ግን መንገዱ እዚያው ያበቃል፤ ያን ጊዜ ቀላል ገጽታ ያለው ሊኑክስ ሊታሰብ ይገባል።