ስለ ሒሳብ ቴስትም ይጸለያል

ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ የማስተምራቸው ሴት ልጆች ከ7ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ናቸው። "ስለ ምን ትጸልያላችሁ?" ስትሏቸው መልሱ የታወቀ ነው፦ ስለ ሀገር ሰላም፣ ስለ ታመሙት፣ ስለ ቤተሰብ። ጥሩ ነው። ግን እንዲህ የምትመልሰው ልጅ ጓደኞቿ ከቴሌግራም ግሩፕ ስላስወጧት ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። ይህን ለእግዚአብሔር መንገር ነውር ይመስላታል። "እንዴ፣ ለእንዲህ ዓይነት ነገር እሱን ማስቸገር!" ትላለች።

እንዲህ ዓይነት ልጅ ያለቻችሁ እናቶች፣ ታላቅ እህቶች፣ እንደ እኔ የምታስተምሩም፣ መጀመሪያ ጸሎቱን ተዉትና ስለ ውሎዋ ጠይቋት። "ትምህርት ቤት እንዴት ዋልሽ?" ካላችኋት "ደህና" ትላለች፤ አለቀ። ጠበብ ያለ ጥያቄ ይሻላል። ምሳ ከማን ጋር በላሽ? የትኛው ፔሬድ ይከብድሻል? የግሩፕ አሳይመንቱን ማን ነው የሚሠራው? (አብዛኛውን ጊዜ እሷ ብቻ ናት።) ሽንኩርት እየከተፋችሁ ብትጠይቁ ምርመራ አይመስልም። ስትመልስላችሁ ደግሞ አደራ፣ ስብከት አትጀምሩ። አንዴ ከሰበካችሁ ሁለተኛ አትነግራችሁም።

ቀጥሎ የሐናን ታሪክ አንብቡላት፤ 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1። ልጆቹ ሐናን የሚያውቋት የሳሙኤል እናት ብቻ አድርገው ነው። ጣውንቷ ፍናና ዓመት በዓመት እንደምታበሳጫት፣ ሐናም እያለቀሰች እህል አልበላም እንዳለች ሳነብላቸው ግን ክፍሉ ጸጥ ይላል። ፍናና በየክፍሉ አለቻ! ሐና ስትጸልይ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅዋ አይሰማም። ካህኑ ዔሊ የሰከረች መሰለው። እዚህ ላይ ሁሌም ይስቃሉ። እኔም ያኔ ነው የምነግራቸው፤ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ዴስክ ላይ ተቀምጠው መጸለይ እንደሚችሉ። አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ ሙስሊም ልትሆን ትችላለች፤ ትምህርት ቤት የሁሉም ነው፣ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ይሁን ይላል። የሐና ዓይነቱ ጸሎት ማንንም አያስቸግርም።

ከዚያ ታሪኩን ወደ ወረቀት አውርዱት። እኛ ክፍል ውስጥ የደብተር የመጨረሻውን ገጽ እንጠቀማለን። የሳምንቱን የትምህርት ፕሮግራም ይጽፋሉ፤ ከየቀኑ ጎን የከበዳቸውን አንድ ነገር ያስቀምጣሉ። አንዷ ከረቡዕ ጎን "ፕሬዘንቴሽን" ብላ ብቻ ጻፈች። "ምኑ ነው የሚያስፈራሽ?" አልኳት። ቆይታ ይህን ጻፈች፦

"ጌታ ሆይ፣ ረቡዕ ሦስተኛ ፔሬድ ላይ ባዮሎጂ አቀርባለሁ። ድምፄ ይንቀጠቀጣል። ከኋላ የሚቀመጡት ይስቁብኛል። እስከ መጨረሻው እንዳነብ እርዳኝ።"

በቃ፣ ጸሎት ማለት ይኸው ነው። "ጥበብንና ማስተዋልን አድለኝ" ከሚለው አጠቃላይ ልመና ይልቅ ይህ ይበልጥብኛል፤ የፈራችውን በስሙ ጠርታዋለችና።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ከሠራቻቸው ሰባት የጸሎት ጊዜያት ሦስቱ ከተማሪ ቀን ጋር ይገጥማሉ። ሠለስት 3 ሰዓት ነው፤ ክፍል ውስጥ ናት። ቀትር 6 ሰዓት፤ የምሳ ደወል። ተሰዓት 9 ሰዓት፤ የመውጫው ሰዓት አካባቢ። በ3 ሰዓት መንፈስ ቅዱስ ለሐዋርያት ወረደ፣ በ6 ሰዓት ጌታ ተሰቀለ፣ በ9 ሰዓት ነፍሱን ሰጠ። ይህን ካወቀች ደወሉ ራሱ ያስታውሳታል። ውዳሴ ማርያሙና ዳዊቱ ለቤት ይቆዩ፤ ትምህርት ቤት አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ነህምያም በፋርስ ንጉሥ ፊት ቆሞ፣ በጥያቄና በመልስ መካከል ነው ወደ ሰማይ አምላክ የጸለየው።

አንድ ነገር በግልጽ ንገሯት፤ ብዙ እናቶች ያፍራሉ። የወር አበባ ላይ ያለች ልጅ ጸሎትም የተከለከለች ይመስላታል። በሥርዓታችን ቤተ መቅደስ አትገባም እንጂ መጸለይን የከለከላት የለም። ሆዷን እያመማት፣ ዩኒፎርሟ እንዳይበላሽ እየተሳቀቀች በምትውልበት ቀን ነው ጸሎቱን አቋርጪ የምንላት? ንገሯት። ሞዴስም በቦርሳዋ አስቀምጡላት።

ስለ ፈተና። ስለት መሳል የኛው ነው፤ ለቁልቢ ገብርኤል የተሳለችው ተማሪ ብዛቷ! አልቃወምም። ግን መስከረም ላይ ያልጀመረ ጸሎት ሰኔ ላይ ድንጋጤ ይሆናል። "50 ከመቶ አምጣልኝ" ብቻ እንዳትል፣ ዛሬ ማታ ለምታጠናው ምዕራፍም ትጸልይ፤ ከዚያ ታጥና። ለ12ኛ ክፍሎች ሌላም ነገር አለ። ከ2014 ዓ.ም. ፈተና ወዲህ ብዙዎቹ የሚፈተኑት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው ነው፤ ስልክ ይዞ መግባት አይቻልም። ለአንዳንዷ ከቤት ውጭ ስታድር የመጀመሪያዋ ነው። እናቷን መደወል አትችልም። ስለዚህ አጭር ጸሎት አስቀድማ በቃሏ ትያዝ።

ልጅቷ የምትነግራችሁ ነገር ከበድ ካለ፣ መምህር ከተተናኮላት፣ መንገድ ላይ የሚከታተላት ካለ፣ የሚመታት ካለ፣ "ጸልዪበት" ብላችሁ እንዳትሸኟት። አብራችኋት ጸልዩ፤ በማግስቱ አብራችኋት ትምህርት ቤት ሂዱ። ይህን እንደ እምነት ማነስ የሚያዩ አሉ፤ እኔ አልስማማም።

በሳምንቱ ስትገናኙ "ጸለይሽ ወይ?" አትበሏት። ቁጥጥር ይሆንባታል። "ረቡዕ እንዴት ሆነ?" በሏት። የባዮሎጂዋ ልጅ "ሳቁብኝ፣ ግን ጨረስኩት" አለችኝ። ለሚቀጥለው ሳምንት የሳቁትን ልጆች ስም ለጸሎት እንድትጽፍ ጠየቅኳት። አኮረፈች። ሁለቱን ጻፈች፤ ሦስተኛውን ገና እያሰበችበት ነው።