ካምቢዮው ይውረድ ከመባሉ በፊት

እ.ኤ.አ. የ1991 ሸቭሮሌት ፒክአፕ አለኝ። 5.7 ሊትር ሞተር፣ ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን)። አንድ ሰሞን ማርሹን ያለጊዜው እየቀየረ አስቸገረኝ። ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይሄድም። ያሳየሁት መካኒክ ነድቶ እንኳ ሳያየው "ካምቢዮው አልቋል፣ ይውረድ" አለኝ። አላለቀም ነበር።

ካምቢዮ ሲያስቸግር ከሚሠሩት ስህተቶች የመጀመሪያው የካምቢዮውን ዘይት እንደ ሞተር ዘይት መለካት ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ከለካኸው ከልክ በላይ የሞላ ይመስላል። የእኔ ዓይነቱ የሚለካው መኪናው በደንብ ተነድቶ ከሞቀ በኋላ ነው። ሜዳ ላይ አቁመህ፣ ማርሹን ፓርክ ላይ አድርገህ፣ ሞተሩ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሠራ። የዚያ ዘመን ዶጅ ፒክአፖች ግን ኒውትራል ላይ ነው የሚለኩት። ደግሞ ከሚጎድል ይብዛ ብለህ አትጨምር። የበዛ ዘይት አረፋ ይሠራል፤ አረፋ ደግሞ ግፊት አይሰጥም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ከካርቡራተሩ ወይም ከነዳጅ መርጫው አካል ወደ ካምቢዮው የሚወርድ አንድ ቀጭን ካቦ አለ። ብዙ ሰው ነዳጅ ሲረገጥ ማርሽ ለመቀነስ ብቻ የተሠራ ይመስለዋል። በድሮዎቹ ካምቢዮዎች እውነት ነበር። 700አር4 በሚባለው በእኔ ካምቢዮ ግን ይህ ካቦ የውስጡን የዘይት ግፊት ነው የሚወስነው። ከላላ ማርሹ ቶሎ ይገባል፣ ለስላሳም ይመስላል። ሰው "እንዴት ያምራል!" ብሎ ይነዳል። ግፊቱ ስላነሰ ግን ውስጥ ያሉት ዲስኮች እየተንሸራተቱ ይቃጠላሉ። ከጠበቀ ደግሞ ማርሹ ዘግይቶ፣ በድንጋጤ ይገባል። ካቦው ሳይስተካከል መንዳት፣ ወይም "ያለሱም ይሄዳል" ብሎ ፈትቶ መተው፣ ከሁሉም የከፋው ስህተት ነው። የእኔ ችግር ይኸው ነበር፤ መያዣው ላይ ተንሸራቶ ላልቷል። ማስተካከያው ቀላል ነው። ሞተሩን አጥፍተህ የካቦውን መቆለፊያ ትጫናለህ፣ ተንሸራታቹን ወደ ኋላ ትመልሳለህ፣ መቆለፊያውን ትለቅና የነዳጁን ክንድ በእጅህ እስከ መጨረሻው ትከፍታለህ። ቀጭ ቀጭ እያለ ራሱ ቦታውን ይይዛል። ለማረጋገጥ ግን የግፊት መለኪያ የሚያስገባ ሰው ብታገኝ ይሻላል።

እ.ኤ.አ. ከ1993 በኋላ የመጡት፣ በኮምፒውተር የሚታዘዙት የዚሁ ዓይነት ካምቢዮዎች ይህ ካቦ የላቸውም። እዚያ ካቦ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው። ኤሌክትሪኩን ተመልከት፤ ባትሪ፣ የመሬት ሽቦ፣ ነዳጅ ምን ያህል እንደተረገጠ የሚናገረው ሴንሰር።

ሌላው፣ በሰዓት ከ70 እስከ 80 ኪሎ ሜትር አካባቢ የሚመጣውን መንቀጥቀጥ ሁሉ በካምቢዮ ማሳበብ። ነዳጁን ሳትለቅ ፍሬኑን በግራ እግርህ ነካ አድርገው። ያን ጊዜ በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው ኮንቨርተር ከተቆለፈበት ይለቃል። መንቀጥቀጡ ከጠፋ ጥርጣሬው ወደዚያ ይሄዳል። ቢሆንም አትቸኩል፤ የደከመ ካንዴላም (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ኮንቨርተሩ ሲቆልፍ ሸክም ስለሚበዛበት በዚያው ሰዓት ነው የሚጋለጠው። በጥቂት ብር የሚቀየረውን ካንዴላ አስቀድም።

ወደ ኋላ ማርሽ ስታስገባ "ጓ!" የሚል ድምፅስ? ከመኪናው ስር ገብተህ ከካምቢዮው ወደ ኋላ የሚሄደውን ዘንግ በእጅህ አወዛውዘው። ብዙ ጊዜ ያረጀ ክሮቼራ (የዘንጉ መገጣጠሚያ) ነው።

በመጨረሻ፣ ካምቢዮ ከማስወረድህ በፊት የታችኛውን የዘይት ቋት አስከፍተህ እይ። ማግኔቱ ላይ ስስ ግራጫ ጭቃ ካለ አትደንግጥ፤ የዕድሜ ነገር ነው። የብረት ስባሪ ወይም የነሐስ ቅንጣት ካየህ፣ ዘይቱም ጠቁሮ የተቃጠለ ከሸተተህ ግን፣ መካኒኩ ልክ ነው። ያን ጊዜ ይውረድ።